የሳሙናው ብሎክ

«እኛን ምን ሆናችሁ ብላችሁ ነው? ቆሽሸን ታየናችሁ?»

ሴትዮዋ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ ሁለት የልብስ ሳሙና በሁለት መዳፏ እያመዛዘነች ነው ይህን የምትለው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ብሎክ የምትኖር ጓደኛዋ ወረቀት እንደተሰጣት፣ ወረቀቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ሳይቀር እንደተላከላት ሰምታለች። የምን ወረቀት እንደሆነ ግን ጓደኛዋ አልነገረቻትም፤ ጓደኛ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። «ለእነሱ ወረቀት፣ ለእኛ ሳሙና» አለች ሴትዮዋ። «እንግዲህ እነሱ ይማራሉ፣ እኛ እንታጠባለን።» የእሷ ልጅ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን ስለወደቀ ወረቀቱ ቢመጣላትም አይጠቅማትም ነበር፤ ቢሆንም ሳይሰጣት መቅረቱ ቆጭቷታል። በሩን ስትዘጋ ሳሙናዎቹን ግን አልመለሰችም።

በሩ ፊት የቆመችው መረጃ ሰብሳቢ መልስ አጣች ማለት ሐሰት ነው። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ መናገር ነው የተከለከለችው። በዚህ ሰፈር ስሟን የሚያውቅ የለም። በየበሩ ስትቆም «አንድ ጊዜ ጠይቄ ልሂድ» ስለምትል ትንሽ ትልቁ «ጠይቄ ልሂድ» ነው የሚላት። ዕድሜዋ አርባ አምስት፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ ቦርሳዋ ግማሹ ሳሙና ግማሹ ታብሌት ነው። የምትሠራው ለአንድ የጥናት ተቋም ነው። ተቋሙ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድሃ ልጅ የኮሌጅ መግቢያ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ለምን ኮሌጅ ሳይገባ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓመት፣ ሁለት ዶክተሮችና አንድ ነጭ መኪና ተመድቦለታል። ጠይቄ ልሂድን ቢጠይቋት ውሃ ጠጥታ ሳትጨርስ ትነግራቸው ነበር። እሷን ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም፤ ሥራዋ መጠየቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ልጁን ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ቅጽ አለው። ቅጹ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ሄዶ መውሰድ ይችላል፤ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጠፋ እንጂ። የሚሰጥበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ክፍል ቀጥሎ ነው፤ ተሳስቶ ካልሆነ በቀር እዚያ የሚደርስ የለም። ዶክተሮቹ ታዲያ ብሎኮቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ስለ ቅጹ ይነገራቸዋል፣ ሲሞሉም የሚያግዛቸው ይላካል። ግማሾቹ ማነጻጸሪያ ስለሆኑ ምንም አይነገራቸውም፤ ጥያቄ ስለመለሱ ብቻ ሁለት ሁለት ሳሙና ይሰጣቸዋል። በሥልጠናው ቀን ጠይቄ ልሂድ እጇን አውጥታ «ለምን ለሁሉም አንነግርም?» ብላ ነበር። ወጣቱ ዶክተር በትሕትና «ለሁሉም ከነገርን፣ መንገራችን ለውጥ ማምጣቱን በምን እናውቃለን?» አላት። እውነቱን ነው። ያናደዳትም እውነቱን መሆኑ ነው። ለሳሙናዎቹ ብሎኮች በሚቀጥለው ዓመት ይነገራል ተብሏል። የዘንድሮ ደብዳቤ ግን የሚሠራው ለዘንድሮ ነው፤ የዘንድሮ ምዝገባ ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሩ ደወለ። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ጥርሷን ልትነቀል ስለሄደች የእሷን የመጨረሻ ቤት ጠይቄ ልሂድ እንድትሸፍን ነው። ዘጠነኛ ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ። አድራሻውን ስትሰማ እግሯ ቆመ። የወንድሟ ቤት ነው። ዘመድ ያለበት ቤት መጠየቅ በመመሪያው ክልክል ነው፤ «ወንድሜ ነው» ብትል ሱፐርቫይዘሩ በአንድ ቃል ይተዋት ነበር። እሷ ግን «እሺ» አለች። ለምን እሺ እንዳለች ከራሷ ጋር እስከ ምሳ ሰዓት ስትከራከር ዋለች። የወንድሟ ልጅ ደብዳቤ እንደመጣላት፣ እስካሁንም እንዳልተመዘገበች ከአንዲት የአጎቷ ልጅ ሰምታለች። ያ ቤት የሳሙና ብሎክ መሆኑንም ታውቃለች።

ወንድምና እህት ከተነጋገሩ አራት ዓመታቸው ነው። የተጣሉት ለመሬት ወይም ለውርስ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። የተጣሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአባታቸው ለቅሶ ላይ አንድ እንግዳ «ትልቋ ለምን ኮሌጅ ሳትገባ ቀረች?» ብሎ ጠየቀ፤ ወንድሟ የጎረሰውን ሳይውጥ «እሷማ መማር አልፈለገችም» አለ። እውነቱ ሌላ ነው። የእሷ ደብዳቤ የመጣው ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር። አባታቸው «ዘንድሮ እጄ አጥሯል፣ ለከርሞ» አሏት፤ ሲከርም ደግሞ ለከርሞ አሏት፤ በሦስተኛው ዓመት የወንድ ልጃቸው ደብዳቤ መጣና ከርሞ የሚባለው ነገር እሱን ይዞ ሄደ። ጠይቄ ልሂድ ያን ቀን ለእንግዳው አልመለሰችም። ጫማዋን ከበሩ ሥር ፈልጋ አደረገችና ወጣች።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የከፈተላት ራሱ ወንድሟ ነው፤ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በሸበጥ። ጸጉሩ ሸሽቷል። እሷም ትንሽ ሳትወፍር አልቀረችም፤ ሁለቱም ይህን በአንድ ጊዜ አዩ። ጠይቄ ልሂድ የታብሌቱን ቁልፍ ነካች። ቃለ መጠይቅ ሲጀመር ታብሌቱ ድምፅ ይቀዳል፤ ሱፐርቫይዘሩ ማታ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል፤ ሠራተኞቹ ይህን ነገር «ጆሮ» ነው የሚሉት። ጆሮ እንዳይጠረጥር እንደ ማንኛውም ቤት መጀመር አለባት። ስለዚህ አብራው ያደገችውን ታናሽ ወንድሟን «እንደምን ዋሉ? ስለ ከፍተኛ ትምህርት ከሚያጠና ተቋም ነው የመጣሁት። አንድ ጊዜ ጠይቄ ልሂድ?» አለችው።

ወንድሟ ከላይ እስከ ታች አያት። «ይግቡ» አለ፤ እሱም ለማናደድ ሲል በእርስዎ መለሰ።

ክፍሉ አንድ ነው፤ መጋረጃ ሁለት አድርጎታል። በወዲህ በኩል ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ አለ፤ የመሀሉ ሽቦ ስለወጣ ሁለት ሰው ነው የሚያስቀምጠው። ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ አንድ ትልቅ ነጭ ፍሪጅ፣ የግድግዳ ሰዓት። ከሰዓቱ ሥር የልጅቱ የመግቢያ ደብዳቤ በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር ተለጥፏል፤ እንደ ሰርተፊኬት። ደብዳቤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የትም እንደማይሄድ ሲታወቅ ነው ብላ አሰበች ጠይቄ ልሂድ። ልጅቱ መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የሹራቧን አንገትጌ ትነክሳለች። እናቷ የሆቴል ልብስ አጠባ ስለምትሠራ እስከ ማታ አትመጣም። ልጅቱ አክስቷን ስታይ ልትነሳ አለችና አባቷን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የፍራሽ ፋብሪካ። የንብረት ክፍል ኃላፊ።»

«ባለፉት ሰባት ቀናት ሥራ ላይ ነበሩ?»

«ፈቃድ ላይ ነኝ።»

ፋብሪካው ከሦስት ወር በፊት ግማሹን ሠራተኛ እንዳሰናበተ አገር ያውቃል። በዚህ ቤትም ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። ጠይቄ ልሂድ «ፈቃድ» የሚለውን ሞላች። በስምንት ዓመት ሥራዋ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ሰው ለጥናት ሲዋሽ ወደ ታች እንደሚዋሽ ነው። ቴሌቪዥኑን አልጋ ሥር ይደብቃል፣ ጥሩ ጫማውን ለጎረቤት ያሻግራል፣ ደህና የነበረውን ልጅ «ሳል ሳል በል» ይለዋል፤ ምናልባት የሚሰጥ ነገር ይኖራል ብሎ። ወደ ላይ የሚዋሽ ሰው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወንድሟ ከድሮም ኩራት ራቱ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ቁርሱም ምሳውም እሱ ብቻ ሳይሆን አልቀረም።

ፍሪጅ አለዎት ስትለው «ይታያል አይደል?» አለ። ይሠራል ስትለው «እንዴታ!» አለ። በዚህ መሀል ልጅቱ ለእንግዳ ውሃ ልታቀርብ ብላ ፍሪጁን ከፈተችው፤ ብርጭቆ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በላይኛው መደርደሪያ ላይ የተጣጠፈ አንሶላ፣ ከታች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሮች፣ በእንቁላሉ ቦታ ደግሞ የክር ጥቅልሎች በቀለማቸው ተደርድረዋል። ልጅቱ ብርጭቆውን አውጥታ ፍሪጁን ቀስ ብላ ዘጋችው። ሦስቱም ወደ ሌላ ቦታ ተመለከቱ። ባለፉት ሰባት ቀናት ሥጋ ስንት ቀን እንደበሉ ስትጠይቀው ወንድሟ ሳያስብ «ስምንት» አለ። ታብሌቱ ቀይ ምልክት አወጣ። «ሰባት ልበለው?» አለች ጠይቄ ልሂድ። «እንደፈለጉ። አንዳንዱን ቀን ሁለቴ ነው» አለ ወንድሟ። ልጅቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም ነበር።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ።

«የመግቢያ ደብዳቤ የደረሰው የቤተሰቡ አባል ለዘንድሮ ተመዝግቧል?»

«ተመዝግባለች።»

«ክፍያው ተፈጽሟል?»

«ድሮ!»

ታብሌት እንደ ሰው አይጠራጠርም። ልጅቱ ተመዝግባለች ከተባለ የሚቀረውን ሠላሳ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዘሎ መጨረሻው ላይ አረፈና «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ሁለት ሳሙና ይስጡ» አለ። ጠይቄ ልሂድ እንደታዘዘችው ሁለቱን ሳሙና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንድሟ ሳሙናዎቹን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረጋቸውና «ለሠራተኛዋ እሰጣታለሁ» አለ። ሠራተኛ ቀጥረው አያውቁም።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። ኮሌጁ ድረስ ሁለት አውቶቡስ ነው። ጠይቄ ልሂድ አሁን ተነስታ መሄድ ትችላለች፤ ሥራዋ አልቋል፣ መመሪያው ተከብሯል፣ ዶክተሮቹ አንድ ንጹህ ቤት አግኝተዋል። ልጅቱም እንደ አክስቷ ለከርሞ ትባላለች። ይህን ስታስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእንባዋም ተናደደች። በሟች አባቷ ተናደደች፣ እዚህ ፊቷ እንደ ንጉሥ በተቀመጠው ወንድሟ ተናደደች፣ ያን ቀን ጫማዋን ፈልጋ ዝም ብላ በመውጣቷም በራሷ ተናደደች። ብትናገር ጆሮ ይሰማል፤ ሥራዋም እንጀራዋም ይሄዳል። በመመሪያው አሥራ አራተኛ ገጽ ላይ ያለው ነገር ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። ጥያቄ ማብራራት፣ ማሳጠር፣ ምሳሌ መስጠት ክልክል ነው ይላል። ተጠያቂው ካልገባው ግን ጥያቄውን ቃል በቃል መድገም ይቻላል። ስንት ጊዜ እንደሚቻል አይልም።

ታብሌቱ ውስጥ ሁለት ቅጾች አሉ። ቢጫው ለሳሙናዎቹ ብሎኮች ነው። ሰማያዊው አስቀድሞ ለተነገራቸው ነው፤ የተነገራቸውን ማስታወሳቸውን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጠይቄ ልሂድ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ፣ የቀሩ ጥያቄዎች አሉ» አለችና ሰማያዊውን ከፈተች።

«ጥያቄ አሥራ ሁለት። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ከክፍያ ነፃ የሚያደርገው ቅጽ በኮሌጁ አስተዳደር ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሲያልቅ በስተግራ ካለው ቢሮ እንደሚሰጥ ሰምተዋል?»

ልጅቱ የሹራቧን አንገትጌ ከጥርሷ ለቀቀች።

«የምን ቅጽ?» አለ ወንድሟ።

«ጥያቄውን ማብራራት አልችልም። ልድገምልዎት?»

«አክስ...» ብላ ጀመረች ልጅቱ። ጠይቄ ልሂድ ታብሌቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አሳየቻት። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም፤ ሞኝ ብትሆን ደብዳቤው አይመጣም ነበር። ከበርጩማዋ ተነስታ እስክሪብቶ አነሳች። «እባክዎ ይድገሙልን» አለች፤ ድምፅዋን እንደ ትልቅ ሰው አወፍራ።

ጠይቄ ልሂድ ደገመችው። ሁለተኛውን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ቃለ ጽሕፈት እንደሚያስጽፍ አድርጋ፣ በየቃሉ እያረፈች ነው ያነበበችው። ቀጥሎ አሥራ ሦስተኛውን፦ የመግቢያ ደብዳቤ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና በወላጅ የተፈረመ የገቢ መግለጫ አሟልተዋል? እሱንም ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ አሥራ አራተኛውን፦ የገቢ መግለጫው በማንኛውም ነጭ ወረቀት ላይ በእጅ ተጽፎ በወላጅ ቢፈረም ተቀባይነት እንዳለው ያውቃሉ? ልጅቱ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ትጽፋለች። የወንድሟ አንገት ከሥር እየቀላ ወደ ላይ መጣ።

«ተመዝግባለች አልኩ እኮ!»

«መልስዎን ይዤዋለሁ» አለች ጠይቄ ልሂድ። «አሥራ አራተኛውን ልድገምልዎት?»

«ይድገሙልን» አለች ልጅቱ።

በአራተኛው ጊዜ ላይ ወንድሟ ተነሳ። ታብሌቱን ከእህቱ ጭን ላይ አነሳ፤ ይወረውረዋል ብላ እጇን ዘረጋች፤ የተቋሙ ንብረት ነው። እሱ ግን ወደ ፍሪጁ ሄደ፣ ከፈተ፣ ታብሌቱን በአንሶላዎቹ መሀል ሸጎጠ፣ ሌላ አንሶላ ደረበበትና በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። ያ ፍሪጅ ከተበላሸ ወዲህ ለቁም ነገር ሲውል ይህ መጀመሪያው ነው።

«አሁን ስሚኝ» አለ። «እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው 'ልጄን ማስተማር አልችልም' ብዬ ልፈርም? በወረቀት? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ነገ ማን ያነበዋል?»

«የማያውቅህ ሰው ያነበዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል።»

«ሥራ አገኛለሁ። ለከርሞ እኔው ራሴ እከፍልላታለሁ።»

«ለከርሞ አትበል!» ድምፅዋ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «ዲግሪህ በምን እንደመጣ ታውቃለህ? አባባ የሚችለው አንድ ልጅ ነበር። ደብዳቤው ግን ሁለት ነበር።»

ልጅቱ ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም። እስክሪብቶዋን እንደያዘች አባቷን አየች፣ አክስቷን አየች። «አክስቴ ደብዳቤ ነበራት?» አለች። ለአባቷም ደገመችለት፤ መድገም ለምዳለች። «አባዬ፣ አክስቴ ደብዳቤ ነበራት?»

«ነበራት።»

«መማር አልፈለገችም?»

ወንድሟ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ያውም መሀሉ ላይ፣ ሽቦው ያለበት። ወጋው ይሆናል፤ ግን አልተነሳም። «ፈልጋ ነበር» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤውን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው። አልፈለገችም ያልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ስል ይቀለኛል።» ከዚያ ቀና ሳይል «እትዬ፣ ፈልገሽ ነበር። አውቃለሁ» አለ።

ጠይቄ ልሂድ ይህን ቃል አራት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣ እንዴት ደስ እንደሚላት፣ ምን ብላ እንደምትመልስለት አልጋዋ ላይ ሆና ብዙ ጊዜ ተለማምዳበታለች። አሁን ሲመጣ ግን ደስ አላላትም። ደከማት ብቻ። አጠገቡ መቀመጥ አማራትና ተቀመጠች። «በል ጻፍ» አለችው። «ሰዓቱ ሄደ።»

የተማረ ሰው ማጻፍ ደግሞ ቀላል አይደለም። ወንድሟ መጀመሪያ «በወቅታዊና ከአቅም በላይ በሆኑ አንዳንድ ተያያዥ ምክንያቶች የተነሳ» ብሎ ጀመረ። እህቱ ወረቀቱን ቀማችው። «ይሄ ምን ማለት ነው? ሚኒስትር ነህ?» ሁለተኛው ላይ «ጊዜያዊ የገቢ መቀዛቀዝ» የሚል ነገር ሊያስገባ ሲል ልጁ ራሷ «አባዬ!» አለችው። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፦ ከሦስት ወር ወዲህ ሥራ የለኝም። የልጄን ክፍያ መክፈል አልችልም። ፊርማው ግን የድሮው ፊርማ ነው፤ ከሁለቱ መስመር ይልቅ ብዙ ቦታ ወሰደ። ልጅቱ ከፈተና ምዝገባ የተረፈ ሁለት ጉርድ ፎቶ ነበራት፤ በአንደኛው ዓይኗ ተጨፍኗል። ሌላ የለም ተብሎ እሱም ተያዘ። ደብዳቤውን ከግድግዳው ላይ ስትልጠው ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ መጣ። አክስቷ የአውቶቡስ ሒሳብ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት። ልጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚያወሩ ጨነቃቸው። ስለ ዋጋ አወሩ። ለመታረቅ የሚያፍሩ ሰዎች ዋጋ ባይኖር ምን ይውጣቸው ነበር? ስለ ዘይት አወሩ፣ ስለ ኪራይ አወሩ፣ እንቁላል ጭራሽ እንደማይነካ ተስማሙ። «ሥጋስ?» አለች ጠይቄ ልሂድ። «በሳምንት ስምንት ቀን የምትበላው አንተ ነህ።» ወንድሟ ሳይወድ ሳቀ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ወንድሟ ስልኩን እያገላበጠ ባትሪው እንዳለ፣ ድምፁ እንዳልጠፋ ያያል። እሷ የሰዓቱን ቆጣሪ ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞራ ማዶ ያለውን ብሎክ ታያለች፤ ወረቀት የተሰጣቸውን።

አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ እያለከለከች ስለነበር መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። «ተቀበሉኝ» አለች በመጨረሻ። «ማኅተም መቱልኝ፣ ከዚያ መዝገብ ቤት ሮጥኩ፣ ተመዘገብኩ! ቅጽ የምትሰጠው ሴትዮ ሰው ስታይ ደነገጠች። ከየት ሰማሽ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?» አለ አባቷ።

«ጥያቄ ላይ ነው የሰማሁት አልኳት።»

ወንድሟ ስልኩን ለእህቱ ሰጥቶ ወደ መታጠቢያው ሄደ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ። ሲመለስ ፊቱ ርሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ላይ ከሁለቱ ሳሙና አንዱ አለ። «ይሄ ሳሙናችሁ ዓይን ያቃጥላል» አለ። ጠይቄ ልሂድ «የልብስ እኮ ነው» አለችው፤ የእሷም ዓይን አልዳነም፤ እሷ ደግሞ ሳሙና አልነካችም።

ታብሌቱን ከአንሶላው መሀል ስታወጣው የራሷ ስልክ ጠራ። ሱፐርቫይዘሩ ነው። የተቀዳውን ለማዳመጥ ማታን አልጠበቀም፤ ድምፁ በየደቂቃው ወደ ቢሮ እንደሚላክ ረስታው ነበር።

«ቢጫ ብሎክ ላይ ሰማያዊ ቅጽ ከፍተሻል።»

«ተሳስቼ ነው።»

«እሺ። አሥራ አራተኛውን አራት ጊዜ ያነበብሽው ለምንድን ነው?»

«ተጠያቂው አልሰሙኝም።»

«ሰውየው መስማት ይሳናቸዋል?»

ጠይቄ ልሂድ ወንድሟን አየችው። «አንዳንዴ» አለች።

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ምንም ድምፅ የለም። የት ሄደ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነበር።»

ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከላይ የሚያዳምጠው አለበት። «ያ ቤት ተበላሽቷል፤ ከጥናቱ ይውጣ» አለ በመጨረሻ። «የወጣበትን ምክንያት ሙዪና ላኪ። ነገ ጠዋት ታብሌቱን ይዘሽ ቢሮ ነይ።» ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ታብሌት ይዞ ቢሮ የተጠራ ሰው ታብሌቱን ይዞ ሲመለስ አይታ አታውቅም። የቤት ኪራይዋ ትዝ አላት። ስልኩን ዘግታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድሟ መሀሉን ትቶ ዳር ያዘና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ታብሌቱን ያይ ጀመር።

ገጹ «ቤቱ ከጥናቱ የወጣበት ምክንያት» ይላል። አንድ፦ ሰፈር ለቀዋል። ሁለት፦ ሞተዋል። ሦስት፦ ለመመለስ ፈቃደኛ አይደሉም። አራት፦ ሌላ፤ ይገለጽ። ሁለት ዶክተሮችና አንድ ነጭ መኪና ሦስት ዓመት ለፍተው አንድ የድሃ ልጅ ከዝርዝራቸው የምትጠፋበትን መንገድ ሁሉ አስበውበታል። ጠይቄ ልሂድ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አራትን ነካችና በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈች፦ ኮሌጅ ገባች

«አራት ነጥብ አድርጊበት እንጂ» አለ ወንድሟ።

አደረገችበትና ላከችው።